የ2036 ኦሊምፒክ አዘጋጅ መቼ ነው የሚታወቀው? ውርርድ አለብኝ

ጠባቂው

ሰላም ናችሁ። ጥያቄዬ አንድ መስመር ነው፣ ወሬው ግን ትንሽ ይረዝማል፣ ቻሉኝ። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ እንዳንምታታ።

የፓሪስ ኦሊምፒክ መዝጊያ ሲተላለፍ ከአንድ ጓደኛዬ ጋር ቁጭ ብለን እያየን ነበር። ባንዲራው ከፓሪሷ ከንቲባ ወደ ሎስ አንጀለሷ ከንቲባ ሲተላለፍ ጓደኛዬ "2028 ይሄው፣ 2032 ብሪዝበን፣ ከዛስ?" አለ። እኔ ብዙም ሳላስብ የህንዷን "አህመዳባድ" አልኩ። እሱ "ዶሃ" አለ። ክርክሩ እስከ እኩለ ሌሊት ሄደና በመጨረሻ ተወራረድን። ገንዘብ የለበትም። የተሸነፈው የራሱን የፕሮፋይል ፎቶ አውርዶ የተመረጠችውን ከተማ ፎቶ ለአንድ ዓመት ይለጥፋል። በሁሉም ገጹ ላይ። የሥራውም ጭምር።

ቀልድ ይመስላል አይደል? እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ በየሳምንቱ ዜና ሳስስ ነው የምውለው። አንዱ ገጽ "በቅርቡ" ይላል፣ ሌላው "ሂደቱ ቆሟል" ይላል፣ ሦስተኛው ደግሞ አህመዳባድ በልታዋለች ብሎ ይምላል። የቱን እንደማምን ግራ ገብቶኛል።

እኔ የማውቀው የድሮውን ነው። በ2005 ሲንጋፖር ላይ የ2012 አዘጋጅ ሲመረጥ ልጅ ነበርኩ። ፓሪስ፣ ለንደን፣ ማድሪድ፣ ኒውዮርክ፣ ሞስኮ። የኦሊምፒክ ኮሚቴው ፕሬዚዳንት ዣክ ሮግ ፖስታውን ከፍተው "ለንደን" አሉ። ቴሌቪዥኑ አንዴ ትራፋልጋር አደባባይ የሚዘለውን ሰው ያሳያል፣ አንዴ ፓሪስ ማዘጋጃ ቤት ፊት ለፊት ደርቆ የቀረውን ሕዝብ። 54 ለ50። በአራት ድምፅ! ፓሪስን ሳላውቃት አዘንኩላት።

እና ጥያቄዬ፣ ለ2036 እንዲህ ዓይነት ቀን አለ ወይስ የለም? ካለ መቼ ነው? ከሌለ ደግሞ የእኛ ውርርድ በምን ይቆጠር?

ሦስተኛ ዙር

አጭሩ መልስ፣ የተቆረጠ ቀን የለም። ያነበብካቸው ገጾች ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው፣ ለዚህ ነው ግራ የገባህ።

አንተ የምታስታውሰው አሠራር እንዲህ ነበር። ከውድድሩ ሰባት ዓመት ቀደም ብሎ ምርጫ ይደረጋል። ከተሞቹ ሰነድ ያስገባሉ፣ ገምጋሚ ቡድን ይጎበኛቸዋል፣ ከዚያ የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ አባላት አንድ አዳራሽ ገብተው ድምፅ ይሰጣሉ። በየዙሩ ዝቅተኛ ድምፅ ያገኘው ይወጣል። አንዱ ከግማሽ በላይ እስኪያገኝ ድረስ ይቀጥላል። ፖስታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

በ2019 ይህን ቀየሩት። አሁን የወደፊት አዘጋጆች ኮሚሽን የሚባል አለ። ፍላጎት ያለው አገር ሁሉ ከኮሚሽኑ ጋር ያወራል፣ ጊዜ አይወሰንለትም፣ ብዙውም በዝግ ነው። ኮሚሽኑ አንዷን ከተማ ሲወዳት ይለያትና ከእሷ ጋር ብቻ ጠለቅ ያለ ድርድር ይጀምራል። ይህ "የተለየ ድርድር" ላይ ከደረሰ ነገሩ ያለቀ ያህል ነው። ሥራ አስፈጻሚው ያቀርባል፣ የአባላቱ ጉባኤ "ይሁን" ወይም "አይሁን" ይላል። ብሪዝበን እንደዚህ ነው ያለፈችው። በፌብሩዋሪ 2021 ብቻዋን ተለየች፣ በጁላይ 2021 ቶኪዮ ላይ 72 ለ5 ጸደቀች። ከውድድሩ 11 ዓመት ቀድሞ! ተፎካካሪ ስላልነበራት ከፖስታው የሚወጣው ስም ቀድሞ ይታወቅ ነበር።

አሁን "ቆሟል" የሚለው። በጁን 2025 አዲሷ ፕሬዚዳንት ክርስቲ ኮቨንትሪ ሥልጣን በያዘች በቀናት ውስጥ አባላቱን ሰብስባ አወያየች። ሲወጡ ያለችው፣ አባላቱ በምርጫው ውስጥ ከአሁኑ የበለጠ ድርሻ ይፈልጋሉ፣ መቼ መምረጥ እንደሚሻልም መታየት አለበት፣ ስለዚህ ለጊዜው ቆም ብለን እናስብ ነው። የ2036 ቀን የጠፋው በዚህ ነው። ተሰረዘ አልተባለም፣ ደንቡ እንደገና ይታይ ነው የተባለው።

ስለ ውርርዳችሁ የምመክርህ፣ "የተለየ ድርድር ከተጀመረበት ቀን" ብላችሁ ጻፉ። ጉባኤውን ከጠበቃችሁ ውጤቱ የታወቀ ጨዋታ ድጋሚ እንደማየት ነው። ግን ደንቡ ከተቀየረ ይሄም ምክር ይቀየራል፣ ኋላ እንዳትወቅሰኝ።

የማታ ተመልካች

ሦስተኛ ዙር በደንብ አስረድቶታል፣ እኔ ግን ያ አሠራር በመቅረቱ እስካሁን ይቆጨኛል። ኳስ አላይም፣ ቴኒስ አላይም፣ የከተማ ምርጫ ግን አንድም አምልጦኝ አያውቅም። ሰዎች ይስቁብኛል።

እስቲ 1993ን አስቡት። ሞንቴ ካርሎ። የ2000 ውድድር። ቤጂንግ በአንደኛው ዙር መራች፣ በሁለተኛውም መራች፣ በሦስተኛውም መራች። በአራተኛው ማንቸስተር ወጥታ ሁለት ከተማ ብቻ ቀረ። የማንቸስተር ድምፅ ወዴት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም። ሲድኒ 45፣ ቤጂንግ 43። የያኔው የኮሚቴው ፕሬዚዳንት ሳማራንች የሲድኒን ስም ሲጠሩ የአውስትራሊያ ልዑካን ከወንበራቸው ተፈናጥረው ተነሱ። ሦስት ዙር ሙሉ መርተህ በመጨረሻዋ ደቂቃ በሁለት ድምፅ መሸነፍ፣ ይሄ ከማንኛውም ፍጻሜ ጨዋታ ያንሳል?

2009 ኮፐንሃገን ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። ኦባማ ራሳቸው ሄደው ለቺካጎ ተናገሩ። ሁሉም ፍጻሜው ቺካጎና ሪዮ ነው ብሎ ተቀምጧል። የመጀመሪያው ዙር አለቀ፣ የወጣችው ከተማ ይነገራል፣ ቺካጎ! 18 ድምፅ ብቻ። እኔ በደንብ ያልሰማሁ መስሎኝ ድምፁን ጨመርኩ። በዚያ ዙር ማድሪድ 28 አግኝታ አንደኛ ነበረች፣ መጨረሻ ላይ ግን ሪዮ 66 ለ32 አሸነፈቻት። ዙሩ የሚገርመው ለዚህ ነው። ብዙ ወዳጅ ያላት ሳትሆን ጠላት የሌላት ናት የምታሸንፈው። የመጀመሪያ ምርጫህ ብትሆን ጥሩ፣ ግን የሁሉም ሁለተኛ ምርጫ ብትሆን ይሻላል።

በ2013 ቦነስ አይረስ ላይ ደግሞ ማድሪድና ኢስታንቡል በመጀመሪያው ዙር እኩል 26 አመጡና ለመለያ ብቻ ሌላ ድምፅ ተሰጠ። ማድሪድ 45 ለ49 ተሸንፋ ወጣች። ከዚያ ቶኪዮ ኢስታንቡልን 60 ለ36። ማድሪድ በተከታታይ ሦስት ምርጫ ተሸንፋለች፣ ለእሷ ሻማ ማብራት ነው የቀረኝ።

እና አሁን "ኮሚሽኑ ከከተማዋ ጋር ድርድር ላይ ነው" የሚል መግለጫ አንብበህ ተኛ ትሉኛላችሁ። አይሆንም!

ሒሳብ አዋቂ

የማታ ተመልካች፣ ጨዋታህ ደስ ይላል፣ ግን ያ ቲያትር በነፃ አልነበረም።

ሶልት ሌክ ሲቲ የ2002ን የክረምት ውድድር ያገኘችው በድምፅ ነው፣ በ1998 ሲፈተሽ ግን አባላት ስጦታ፣ ጉዞ፣ የልጆች ትምህርት ክፍያ ሳይቀር ተቀብለው ተገኙ። ስድስት ሰው በጉባኤ ተባረረ፣ ሌሎቹ ራሳቸው ለቀቁ። አባላት ተወዳዳሪ ከተሞችን መጎብኘት የተከለከሉት ከዚያ በኋላ ነው። መቶ ያህል ሰዎች በሚስጥር ድምፅ በብዙ ቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ነገር ሲወስኑ ማባበል አይቀርም። የአንተ "የማንቸስተር ድምፅ ወዴት ይሄዳል" የሚለው ጣፋጭ ጉጉት ለአንዳንዱ ሰው ገበያ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ተወዳዳሪ መጥፋቱ ነው። አሠራሩን የቀየሩት ደግ ስለሆኑ አይምሰልህ። ለ2022 የክረምት ውድድር ኦስሎ ወጣች፣ ሌሎችም ወጡ፣ ቤጂንግና አልማቲ ብቻ ቀሩ። ለ2024 ቦስተን ወጣች። የሃምቡርግ ሕዝብ በ2015 ተጠይቆ እምቢ አለ። ሮም ወጣች። ቡዳፔስት ላይ ወጣቶች ሕዝበ ውሳኔ ይደረግ ብለው ፊርማ ሲያሰባስቡ ከተማዋ ራሷ ተወችው። ፓሪስና ሎስ አንጀለስ ብቻ ቀሩ። ኮሚቴውም በ2017 ሊማ ላይ ለአንዷ 2024ን፣ ለሌላዋ 2028ን ሰጥቶ ተገላገለ። እሱን ምርጫ ትለዋለህ?

ሰው ለምን እምቢ እንደሚል ግልጽ ነው። ሞንትሪያል የ1976ቱን ዕዳ ከፍላ የጨረሰችው በ2006 ነው። ሠላሳ ዓመት። በውድድሩ ዓመት የተወለደ ልጅ ሠላሳ ዓመት ሲሞላው ከተማው ገና መገላገሏ ነበር። በሌላ በኩል ሎስ አንጀለስ 1984ን ስትወስድ ማንም ስላልፈለገው ብቻዋን ነበረች፣ ስለዚህ ውሉን እሷ አስጻፈች፣ ባለው ስታዲየም ተጠቀመች፣ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አትርፋ ወጣች። ተፎካካሪ በሌለበት የገባ አተረፈ፣ በፉክክር የገባ ስንቱ ከሰረ። ጨረታ ላይ ዋጋ የሚያንሩት ተጫራቾቹ ራሳቸው ናቸው።

ስለዚህ እኔ አዲሱ አሠራር ይሻላል ባይ ነኝ፣ አሰልቺ ቢሆንም። አንድ ነገር ግን አልወደድኩለትም። በድሮው ቢያንስ ግምገማው ታትሞ እናነብ ነበር፣ ማን በምን እንደወደቀ ይታወቃል። አሁን አንዲት ከተማ ለምን እንዳልተወደደች የሚነግርህ የለም። ዝም ብለው ስልክ ማንሳት ያቆማሉ።

ሦስተኛ ዙር

ሒሳብ አዋቂ፣ በአንድ ነገር ላርምህ። ቀድሞ መምረጥ ራሱ ዋስትና አይደለም። ብሪዝበን በ2021 ተመርጣ ዋናው ስታዲየም የት እንደሚሠራ የተቆረጠው በማርች 2025 ነው። መጀመሪያ ጋባ የሚባለውን ስታዲየም አፍርሰው ሊሠሩ ነበር፣ ተዉት፣ ሌላ ሐሳብ መጣ፣ እሱም ተተወ፣ በመጨረሻ ቪክቶሪያ ፓርክ ላይ አዲስ ይሠራ ተባለ። ኮቨንትሪ "መቼ መምረጥ ይሻላል" ያለችው እንዲህ ዓይነቱን አይታ ይመስለኛል። 11 ዓመት ሲሰጥህ አራቱን በክርክር ታባክነዋለህ።

ሕዝቡ ሁሌ እምቢ ይላል የሚለውም ሙሉ አይደለም። ሙኒክ በኦክቶበር 2025 ሕዝቧን ጠይቃ ከመራጩ ሁለት ሦስተኛው እሺ አለ። ጀርመኖች ግን 2036 ላይ የራሳቸው ጣጣ አለባቸው። የ1936ቱ የሂትለር ዘመን የበርሊን ኦሊምፒክ ልክ መቶ ዓመት የሚሞላው ያን ዓመት ነው። 2040 ወይም 2044 ይሻለናል የሚሉ ያሉት አንድም በዚህ ነው።

የ42ኛው ኪሎሜትር

ሁላችሁም ስለ ድምፅና ስለ ብር ነው የምታወሩት። እኔ አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ፣ ማራቶኑ በስንት ሰዓት ነው?

እየቀለድኩ አይደለም። ዶሃ ላይ የ2019ኙ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን የተጀመረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። ፀሐይ የለችም፣ ግን ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ፣ እርጥበቱ ደግሞ ሳንባ ይዘጋል። 68 ሴቶች ጀመሩ፣ 40 ጨረሱ። አንዷ በተሽከርካሪ ወንበር ስትወሰድ አይቼ ቴሌቪዥኑን ዘጋሁት። ቶኪዮም ቢሆን ማራቶኑን 800 ኪሎሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ሳፖሮ ወስደው፣ እዚያም ሞቀ ብለው የሴቶቹን ሰዓት በዋዜማው በአንድ ሰዓት አስቀደሙት። አስቡት እንግዲህ፣ ለአራት ዓመት ተዘጋጅተሽ፣ እራትሽን በልተሽ ልትተኚ ስትይ "ነገ ቀደም ብለሽ ተነሺ" ይሉሻል።

እኔ የማዕረግ ሯጭ አይደለሁም፣ እንዲያው በሱስ የምሮጥ ነኝ። አንዴ እርጥበት ባለበት ቀን ግማሽ ማራቶን ሮጬ 16ኛው ላይ ላቤ መድረቅ አቃተው። ቅንድቤ ላይ ጨው ይሰማኛል፣ ውኃ ስጠጣ ሆዴ ውስጥ ሲንቦጫረቅ ይሰማኛል፣ ሰውነቴ ግን አልቀዘቀዘም። እርጥበት ውስጥ ላብ አይተንም፣ ይፈሳል እንጂ። ካልተነነ ደግሞ አያቀዘቅዝሽም። ነገሩ ይኸው ነው። የዚያን ቀን ነው ስለ አዘጋጅ ከተማ ሳወራ ከስታዲየሙ በፊት የአየር ጠባዩን መጠየቅ የጀመርኩት።

ከተማ መምረጥ ማለት በከፊል አሸናፊ መምረጥ ነው። ሜክሲኮ ሲቲን አስታውሱ፣ 1968። 2,240 ሜትር ከፍታ። ቀጭኑ አየር ለዘላዩና ለአጭር ርቀት ሯጩ ክንፍ ሰጠው፣ ቦብ ቢመን 8.90 ዘለለና ክብረ ወሰኑ እስከ 1991 ቆየ። በረጅሙ ግን ሮን ክላርክን ያህል የክብረ ወሰን ባለቤት 10,000 ሜትሩን ስድስተኛ ሆኖ ጨርሶ ወደቀ፣ ኦክስጅን ነው ያነቃው። ያንን ውድድር ያሸነፈው የኬንያው ናፍታሊ ቴሙ ነው። ማራቶኑ ላይ አበበ ቢቂላ እግሩን ታሞ ሲያቋርጥ ማሞ ወልዴ ወሰደው። ከፍታው የለመደ ደረት ይፈልግ ነበር። ያንን ውሳኔ የሰጡት ሰዎች ይህን ሁሉ አስበውት ይሆን? አይመስለኝም።

እና አህመዳባድ በጁላይና በኦገስት የዝናብ ወቅቷ ነው፣ ዶሃ ደግሞ በእነዚያ ወራት ምድጃ ናት። አንዳቸው ከተመረጡ ወሩ መቀየር አለበት። ሆኖም ያውቃል፣ ቶኪዮ 1964 እና ሜክሲኮ በኦክቶበር ነበሩ፣ ሲድኒ በሴፕቴምበር። እኔን የሚያጓጓኝ ስሟ ሳይሆን ከስሟ ቀጥሎ የሚጻፈው ወር ነው።

ዶሃ ዶሃ

እንግዲህ ጓደኛው እኔ ነኝ። ሊንኩን ራሱ ነው የላከልኝ፣ ሊያሳጣኝ አስቦ።

እህቴ፣ ያነሳሽው ወር የዶሃ የድሮ ቁስል ነው። ለ2016 ስትወዳደር በቴክኒክ ነጥብ ከሪዮ በልጣ ነበር፣ ግን በኦክቶበር ይሁን ስላለች ከመጨረሻዎቹ ዝርዝር አወጧት። ያኔ ወሩን መንካት ነውር ነበር። ከዚያ ምን ሆነ? የ2022ቱን የዓለም ዋንጫ በኖቬምበርና ዲሴምበር አዘጋጀች፣ ዓለምም ተቀመጠና አየው። አንዴ ካላንደር ከተነካ በኋላ "አይነካም" ማለት ያስቸግራል። በጁላይ 2025 ደግሞ ፍላጎታቸውን በይፋ ሲናገሩ ከሚያስፈልገው የስፖርት መሠረተ ልማት 95 በመቶው አለን ብለዋል። የ2006 የኤዥያ ጨዋታን አዘጋጅተዋል፣ 2030ውም እነሱ ጋ ነው። ሒሳብ አዋቂ፣ አዲስ ስታዲየም አያስፈልግም፣ ዕዳ የለም፣ ሕዝበ ውሳኔ የለም። አንተ ራስህ ለዶሃ ነው የተከራከርከው!

ሒሳብ አዋቂ

ሕዝበ ውሳኔ አለመኖሩን እንደ ጥሩ ነገር አልቆጠርኩም። አትጠምዝዘኝ።

ጠባቂው

ዶሃ ዶሃ ብሎ ስም አወጣ ደግሞ። ይሁን።

የእኔ መከራከሪያ ቀላል ነው። ህንድ 1.4 ቢሊዮን ሕዝብ ይዛ አንድም ጊዜ አላዘጋጀችም። በ2023 የኮሚቴው ጉባኤ ሙምባይ ላይ ሲደረግ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሞዲ ራሳቸው 2036ን እንፈልጋለን አሉ። በኦክቶበር 2024 ደብዳቤው ገባ። 2030ን የኮመንዌልዝ ጨዋታ ለአህመዳባድ ሰጥተዋታል፣ ለትልቁ ልምምድ ማለት ነው። 132,000 ሰው የሚይዝ ስታዲየም አላት፣ የክሪኬት ቢሆንም። ኮሚቴው ደግሞ የቴሌቪዥን ገንዘብ ይወዳል፣ አዲስ ተመልካች ያለው የት ነው? ባለፈው ወር ያየሁት አንድ ገጽ...

ተውኩት። ይኸው እንደገና ጀመርኩ። ቅድም ሦስተኛ ዙር ቀን የለም ሲል በመናደድ ፋንታ ደስ አለኝ፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ቀኑ ካለ እሸነፍ ይሆናል፣ ቀኑ ከሌለ ገና አልተሸነፍኩም።

አምስተኛው ቀለበት

ዘግይቼ መጣሁ። አምስት ቀለበት አለ፣ አምስት አህጉር፣ አንዱ ግን እስካሁን አላዘጋጀም፣ ያን ማንም አላነሳውም።

ኬፕታውን ለ2004 ተወዳድራ ነበር። በ1997 ሎዛን ላይ በመጀመሪያው ዙር ከቦነስ አይረስ ጋር እኩል 16 ድምፅ አምጥታ፣ በመለያው 62 ለ44 አልፋ፣ በመጨረሻ ሦስተኛ ወጣች። አቴንስ ወሰደችው። አስቡት፣ 16 ሰው ብቻ መጀመሪያ የፈለጋት ከተማ፣ ከሁለቱ አንዷን ምረጡ ሲባል 62 ድምፅ አገኘች። የማታ ተመልካች "የሁሉም ሁለተኛ ምርጫ" ያልከው እዚህ ላይ ነበር ሊሠራ የሚገባው፣ አልሠራም።

አሁን ግብፅም ደቡብ አፍሪካም ፍላጎት አሳይተዋል። የኮሚቴው ፕሬዚዳንት የዚምባብዌ ልጅ ናት፣ በዋና ሰባት የኦሊምፒክ ሜዳልያ ያላት። ሰዎች "እንግዲህ አሁን ነው" ይላሉ። እኔ አይመስለኝም። ዳኛው ዘመድህ ከሆነ እንዳይታማ ሲል ይብስብሃል። ይልቅ እኔ ዓይኔን የጣልኩት ዳካር ላይ ነው፣ 2026፣ የወጣቶች ኦሊምፒክ። መጀመሪያ ለ2022 ነበር፣ በኮቪድ ምክንያት ተገፋ። የኦሊምፒክ ችቦ አፍሪካ ላይ ለውድድር ሲበራ የመጀመሪያው ነው። ትንሽ ነው፣ ለወጣቶች ነው፣ ብዙ ሰው አያየውም። ግን ኮሚቴው ሪፖርቱን ያነበዋል። 2036ን ለእነ አህመዳባድ ተዉላቸው፣ እኔ 2040ን ነው የምጠብቀው።

የማታ ተመልካች

አምስተኛው ቀለበት፣ 2040 ስል እድሜዬን ደመርኩና ደነገጥኩ።

ባለ ውርርዶች፣ አንድ ነገር ግን አላሰባችሁም። ሁለታችሁም ብትሸነፉስ? ኢስታንቡል አለች፣ ስንቴ ወድቃ የተነሳች። ሳንቲያጎ አለች፣ ደቡብ አሜሪካ እስካሁን አንዴ ብቻ ነው ያገኘው። ኢንዶኔዥያ አለች። እኔ ግን ከሁሉም የምፈራላችሁ ጆንጁን ነው።

ዶሃ ዶሃ

ጆንጁ የት ነው?

የማታ ተመልካች

ደቡብ ኮሪያ። ይህንን ነው የምላችሁ። በፌብሩዋሪ 2025 አገር ውስጥ ከሴኡል ጋር ተወዳደረች፣ 1988ን ካዘጋጀችው ሴኡል ጋር፣ 49 ለ11 አሸነፈቻት። ማንም አልጠበቀም። ድሮ የምወደው ዓይነት ቆጠራ ነበር፣ በስልኬ ነው የተከታተልኩት። ሁሉም የሚያውቃት ከተማ ማንም በማያውቃት ስትረታ ካየህ በኋላ "አልቋል" የሚል ቃል አትጠቀምም።

ሦስተኛ ዙር

እንግዲያው ውሉን አስተካክሉ። አንደኛ፣ የተለየ ድርድር በይፋ የተጀመረበት ቀን ይቆጠራል፤ አሠራሩ ተቀይሮ ድምፅ ከተመለሰ ደግሞ የድምፁ ቀን። ሁለተኛ፣ ሌላ ከተማ ከሆነች ሁለታችሁም ፎቶ ትቀይራላችሁ። ምስክር እኔ ነኝ።

ዶሃ ዶሃ

እኔ ተስማምቻለሁ። እሱ አይስማማም፣ የሥራ ገጹን ይፈራል።

ጠባቂው

ተስማምቻለሁ። የጆንጁን ፎቶም አሁን ፈልጌ አየሁት፣ የድሮ ቤቶች ሰፈር አላት፣ ጥቁር የሸክላ ጣሪያ ጎን ለጎን የተደረደረበት። ለሥራ ገጽ አያሳፍርም። ዶሃ ከምትሆን እሷ ትሁን።